ሽፈራው ቅጠሉ ለግመላችን እንዲፈቀድ፣ ሽፈራው ሰውየው ለባለቤታቸው እንዲተው

ቀን፦ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሐይቅ ዳር ቀበሌዎች የእንስሳት መኖና ጤና ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ኃላፊው
አርባ ምንጭ

አመልካች፦ የአብስራ ካሱ፣ የጫኖ ነዋሪ፣ ሥራው የሩጫ ግመል ማሠልጠንና መጋለብ

ጉዳዩ፦ ለሩጫ ግመላችን ተጨማሪ መኖ አድርገን የምንሰጠው የሽፈራው ቅጠል በስም መመሳሰል ምክንያት ስለተከለከለብን፣ ግመሉና አንዲት ሴት ሐይቅ ገብተው ሳይቀሩ ክልከላው እንዲነሣልን ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ይህ ማመልከቻ ቀልድ አለመሆኑን አሳውቃለሁ። ይህን የምለው መዝገብ ቤት ያሉት እኅት ስሜን ሲያዩ «ደግሞ ዛሬ ምን ይዞ መጣ?» እንደሚሉ ስለማውቅ ነው። ግመሉን ሻሽ አስሬለት ቀበሌ ስብሰባ በር ላይ አቁሜ «የእንስሳት ተወካይ ነው፣ ወንበር ይሰጠው» ያልኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ያ ሌላ፣ ይህ ሌላ። ይህን የምጽፈው ሳልስቅ ነው። ሳልስቅ ስጽፍ ፊደሌ እንደሚያምር ገና ዛሬ አወቅሁ።

1. ስለ ግመሉ። ግመሉ ደመና ይባላል። ንብረትነቱ የአጎቴ የአቶ ብርሃነመስቀል ሲሆን፣ ገና ልጅ ሳለ ከቦረና በኩል ተገዝቶ የመጣ ነው። በምዕራብ ዓባያ ሜዳ ላይ በየዓመቱ በሚደረገው የግመል ሩጫ የእኛን መንደር ወክሎ የሚሮጠው እሱ ነው። ላዩ ላይ የምቀመጠው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ቀላል ሰው ስለሆንኩ፣ በሚዛንም፣ ሰው እንደሚለውም።

ግመል የደረቅ አገር ፍጥረት መሆኑን ለእናንተ መንገር ለቄስ አቡነ ዘበሰማያት ማስጠናት ነው። እዚህ ምድሩ እርጥብ፣ ዝንቡ ብዙ፣ መኖውም ያው ሙዝ ነው። የሙዝ ቅጠልና ግንድ ሆድ ይሞላል እንጂ እግር አይሞላም። ጨው ያነሰው ግመል ደግሞ ትንሽ ሮጦ ያለከልካል። ገንዲ የሚባለው በሽታም የሚገባው ደካማ መርጦ ነው። ስለዚህ በሩጫ ሰሞን ከፉርሽካና ከፋጉሎ ጋር ጨው፣ በዚያ ላይ በጥላ ደርቆ የተወቀጠ የሽፈራው ቅጠል እንሰጠዋለን። ይህንንም ከራሳችን አላመነጨነውም፤ ያስተማሩን የጽሕፈት ቤትዎ ባለሙያ ናቸው። «ፕሮቲን አለው፣ በሉ ድገሙት፣ ፕሮቲን!» ብለው እንደ ቄስ ተማሪ አስጮኹን። እውነታቸውን ነበር። ከዚያ ወዲህ የደመና ሻኛ ቀጥ አለ፣ ጠጉሩ ወዛ፣ ትንፋሹም ረዘመ። አምና ሁለተኛ የወጣነው እኔ ወደ ኋላ ዞሬ ተፎካካሪዬን ስሰድብ ነው እንጂ እሱ አልተሸነፈም።

2. ስለ ሰውየው። ደመናን ሩጫ ያስተማሩት እኔ አይደለሁም፤ ጋሽ ሽፈራው ዘሚካኤል ናቸው። ቅጠሉን በመዳፋቸው ይዘው፣ አጥሩ ዳር ቆመው፣ «ሽፈራው መጣልህ!» ብለው ይጣሩ ነበር። «ጋሼ፣ ከሁለታችሁ የትኛው ነው የመጣው?» ስላቸው «እሱ ያውቃል። አንተ ገመዱን ያዝ፣ ቀልማዳ!» ይሉኛል። ግመሉ በዚህ ጥሪ አደገ። ደመና ተብሎ ቢጠራ ጆሮውን አያነቃንቅም፤ ሽፈራው ሲባል ግን ከሙዙ እርሻ ማዶም ቢሆን እየተወዛወዘ ይመጣል።

ባለፈው ግንቦት ግመሉ ጨው አምሮት ድንጋይ መላስ ጀመረ። ጋሽ ሽፈራው «የሱቅ ጨው አይበቃውም፣ ቦሌ ነው የሚያስፈልገው» አሉና ከብት የሚልሰውን ያን ጨዋማ አፈር ለማምጣት በታንኳ ወደ ሐይቁ ማዶ ተሻገሩ። ታንኳው ተመለሰ። አፈሩም በጆንያ ሙሉ መጣ፣ የጆንያው አፍ በደንብ ታስሮ። እሳቸው ግን አልነበሩበትም።

ተፈለገ። ዋናተኛ ገባ፣ መረብ ተጣለ። አዞ ነው ያለ አለ፣ ማዕበል ነው ያለም አለ። ያ ጆንያ እስከ ዛሬ አጥራችን ሥር ተቀምጧል። ፈትቼ አፈሩን ለደመና ብሰጠው አሸተተና ወደ ኋላ ሸሸ። ድንጋይ የሚልስ ግመል ያንን አፈር አልልስም አለ።

ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት አደረገችላቸው፤ ድንኳን ተተክሎ ተለቀሰ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ልክነሽ ግን ጥቁር አልለበሱም። የዶርዜ ሰው ናቸው፤ እንዝርት ከእጃቸው አይለይም፣ ቃላቸውም ከሁለት አይበዛም። ሴቶቹ ጥቁሩን ይዘው ቢመጡ «ሬሳ ያላየ ዓይን ምኑን አምኖ ይልበስ?» ብለው መለሱት።

3. ስለ ጥሪው። ከዚያ በኋላ ግመሉን ማብላት በእኔ ላይ ወደቀ። ደመና፣ ደመና ብዬ ብለምነው ተንበርክኮ ቀረ። መኖውን አፉ ሥር ባደርግለትም አልቀመሰም። መንደሩ ሁሉ አማካሪ ሆነ። አንዱ «የሟች ስም ከሚጠራ ቅጠሉን በጋሞኛ ጥራው፣ ሀለኮ በለው» አለኝ። ሀለኮ አልኩት፤ ግመሉ ጋሞኛ አይችልም። ባለሙያው «ሞሪንጋ በለው፣ በሳይንሱ ስሙ» አሉኝ። ሞሪንጋም አልኩት፤ ምሁርም አይደለም። ጎኑ መቁጠር እስኪቻል ድረስ ከሳ። በመጨረሻ አጥሩ ዳር፣ ጋሼ ይቆሙበት የነበረው ቦታ ላይ ቆሜ «ሽፈራው መጣልህ!» አልኩ።

ተነሣ። መጣ። በላም። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ ደመና ከመዳፌ እየበላ የሚያየው እኔን አልነበረም። ዓይኑ ከትከሻዬ በላይ አልፎ ከኋላዬ የቆመ ሰው ያይ ነበር። ዞሬ አየሁ። ሙዝ ብቻ ነው።

4. ስለ «አቤት»። ክቡር ሆይ፣ እኛ መንደር ማምሻ ላይ ስሙ የተጠራ ሰው በመጀመሪያው ጥሪ አቤት አይልም፤ ጠሪው ማን እንደሆነ አይታወቅማ። በእኔ ላይ የደረሰው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ጠሪው የታወቀ ነው፣ እኔ ነኝ። አንድ ማምሻ እንደ ልማዴ ተጣራሁ፤ ከሙዙ ውስጥ «አቤት» የሚል መጣ።

መጀመሪያ የመሰለኝ አንዱ ጓደኛዬ ብድር ሲመልስልኝ ነው። ሌባ ሌባን ያውቀዋል ብዬ ዱላ ይዤ ገባሁ። እትዬ ልክነሽ የሙዝ ግንድ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ሊገድሉኝ ነው እንዴ?» አልኳቸው።

«አንተ ትሞታለህ? ሞት ራሱ ስቆብህ ይመለሳል» አሉኝ። ከዚያ ከወትሮው የረዘመ ነገር ተናገሩ። «ስሙ ተጠርቶ ዝም ሲባል አልችልም፣ ልጄ። ዝም የሚለው የሞተ ነው። አቤት የሚልለት ካለ ግን ወጣ ብሏል፣ ይመጣል ማለት ነው። አንተ ጥራ። እኔ አቤት እላለሁ።»

እንግዲህ እንዲህ ሆንን። እኔ እጠራለሁ፣ እሳቸው አቤት ይላሉ፣ ግመሉ ይበላል። ክረምቱ በዚህ አለቀ። ለማንም አልነገርኩም፤ ያልቀለድኩበት ነገር ይህ ብቻ ነው።

5. ስለ አቤቱታውና ስለ ስሕተቱ። የጋሽ ሽፈራው ታላቅ ወንድም አቶ ልዑልሰገድ ዘሚካኤል በመንግሥት ቢሮ አርጅተው ጡረታ የወጡ የተከበሩ ሰው ናቸው። አንድ ቀን በእርሻው መንገድ ሲያልፉ ጥሪውንም «አቤት» መባሉንም ሰሙ። በእሳቸው ቦታ ሆኜ ሳስበው አልፈርድባቸውም። አንድ የታወቀ ዋዘኛ የሞተ ወንድማቸውን ይጠራል፣ የወንድማቸው ሚስት ትመልሳለች፣ መሐል ላይ ግመል ያመነዥጋል።

«የወንድሜን ስም የግመል መጥሪያ አደረግኸው!» ብለው ከዘራቸውን አነሡብኝ።

«ጋሼ፣ እኔ የጠራሁት ቅጠሉን ነው» አልኩ።

«ቅጠሉ ነው አቤት ያለህ?»

ከዘራው ሳያርፍብኝ ከግመሉ ጀርባ ዞርኩ።

እሳቸውም ለጽሕፈት ቤትዎ አመለከቱ። የጻፉትን ኋላ በቃላቸው ነግረውኛል፤ «ሽፈራውን ከግመሉ ያለያዩልን» የሚል ነው። ስሙን ማለታቸው ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ ግን የመኖ ጽሕፈት ቤት ነውና ቅጠሉን መሰለው። ስለዚህ «ሽፈራው ለግመል መስጠት ተከልክሏል» የሚል ደብዳቤ ማኅተም ተመቶበት መጣልን። ስሙ እንዳይጠራ የለመኑት አዛውንት ቅጠል ተከለከለላቸው፤ ቅጠል የሚያስፈልገው ግመል ደግሞ ባዶ ስም ቀረለት። እናንተን አልወቅስም። ሰውን በዛፍ፣ ዛፍን በሰው የጠራ አገር የራሱን ጣጣ ይችላል። አቶ ልዑልሰገድም ደብዳቤው ሲነበብ «እኔ ቅጠል መቼ አልኩ?» አሉ። ግን ዕድሜ ልካቸውን ደብዳቤ ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የወጣ ደብዳቤ ይመለስ ማለት ከበዳቸው።

6. ከክልከላው ወዲህ ስለሆነው። ሀ) በመኖ በኩል፦ ፉርሽካውና ፋጉሎው ብቻውን አልሆነለትም። ሻኛው ወደ ጎን ወደቀ፣ ሜዳውን ግማሽ ሳይሮጥ ይንበረከካል። አጎቴ ብርሃነመስቀል «እስከ ታኅሣሡ ሩጫ ካላገገመ ወደ ሞያሌ ይጫናል» ብለዋል። ወደ ሞያሌ የሚጫን ግመል ለሩጫ እንደማይጫን ክቡርነትዎ ያውቃሉ። ለእርድ ነው።

ለ) በሌላው በኩል፦ ይህን እንዴት በመንግሥት ወረቀት እንደምጽፈው አላውቅም፤ እንደሆነው እጽፈዋለሁ። ቅጠሉ እጄ ላይ ሳለ ደመና ስሙን ሲሰማ የሚመጣው ወደ እኔ ነበር። ቅጠሉ ከቀረ በኋላ ይመጣል፣ መዳፌን ያሸታል፣ ባዶ መሆኑን ያውቃል፣ ከዚያ አንገቱን አቅንቶ ወደ ሐይቁ ያያል። እዚያው ቆሞ ያያል። እኔም እትዬ ልክነሽም ማየት ጀመርን። ምንም የለም። ግን ምንም የሌለበትን ቦታ ሁለት ሰውና አንድ ግመል በየቀኑ ሲያየው አንድ ነገር እየሆነ ይሄዳል።

አንድ ማምሻ እትዬ ልክነሽ እኔ አጠገብ፣ አጥሩን ይዘው ቆመው ነበር። ፊታቸውን እያየሁ ተጣራሁ። አፋቸው አልተከፈተም። «አቤት» የሚለው ከውሃው በኩል መጣ።

ደግሜ ልጠራ አፌን ስከፍት በእጃቸው ከደኑት። «እኔ አላልኩም» አሉኝ።

ለአቶ ልዑልሰገድ ሄጄ ነገርኳቸው። «የገደል ማሚቶ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ ተራራው በስተጀርባችን ነው፤ ድምፁ የመጣው ከፊት ነው። ደግሞስ የገደል ማሚቶ የሰማውን ይደግማል እንጂ አቤት ይላል?»

«እንግዲያው አንተ ነህ። ከንፈሩን ሳያነቃንቅ የሚናገር ሰይጣን ነህ አንተ!»

እውነቱን ለመናገር ያንን ጥበብ ተለማምጄዋለሁ፤ አልተሳካልኝም። ግን ማን ያምነኛል? ሰው ሁሉ ነገሬን ሲሰማ ከመፍራቱ በፊት ጥርሱን ያሳያል። እኔ ብቻዬን ፈርቼ መንደሩ በሙሉ ሲስቅ እንዴት እንደሚቀፍ ለጠላትም አልመኝ።

7. ስለ ባለፈው እሑድ። ያን ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ቢያልፍም አልጠራሁም፤ ወስኜ ትቼው ነበር። ደመና ግን ገመዱን በጥሶ በቀጥታ ወደ ሐይቁ ሄደ። ግመል ውሃ ይጠጣል እንጂ ውሃ ውስጥ አይገባም፤ ይህኛው እስከ ደረቱ ገባ። እትዬ ልክነሽ ከኋላው ነበሩ። ጫማቸውን ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው አውልቀው፣ አጋጥመው፣ ደረቁ ላይ አስቀምጠውታል። ነጠላቸው ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ነበር።

ጮኽኩ። ሰው ሮጠ። ከሁሉ ቀድመው ውሃ የገቡት አቶ ልዑልሰገድ ናቸው፣ ከነከዘራቸው፣ ከነኮታቸው። «ልክነሽ! አንቺ ልክነሽ!» ይላሉ፤ እትዬ ግን አይሰሙም፣ የግመሉን ጭራ ይዘው ይከተላሉ። አንገቱ ላይ የቀረውን ገመድ ብስብ ደመና እኔንም ጎትቶ ሊያስገባኝ ሆነ። ያኔ ነው ከጎረቤት አጥር አንድ የሽፈራው ቅርንጫፍ ገንጥዬ ከነቅጠሉ እያራገብኩ የሮጥኩት። ስም አልጠራሁም። ቅጠሉን ብቻ አሸተተ፤ ዞረ። እሱ ሲዞር እትዬም ጭራውን እንደያዙ አብረውት ዞሩ። ወጡ።

ስለዚህ ክልከላውን ጥሻለሁ። ቅጣት ካለው ቅርንጫፉን የገነጠልኩት እኔ ነኝ፣ ግመሉ አይጠየቅ።

አቶ ልዑልሰገድ ውሃው ከኮታቸው እየተንጠባጠበ ወደ እኔ መጡ። ይመቱኛል ብዬ ጎንበስ አልኩ።

«ቅጠሉን ስጠው» አሉ።

«ክልክል ነዋ ጋሼ፤ በእርስዎው ማመልከቻ።»

«እንግዲያው ጻፍ! እኔ እፈርማለሁ።»

እንዳሉትም አደረጉ፤ ገና ባዶ በሆነው በዚህ ወረቀት ግርጌ ፈርመው ሰጡኝ። ለእኔ ባዶ ወረቀት ላይ መፈረም ምን ዓይነት ድፍረት እንደሆነ መንደሩን ይጠይቁ።

8. ስለዚህ የምለምነው።

ሀ) የሽፈራው ቅጠል ከፉርሽካ፣ ከፋጉሎና ከጨው ጋር ለግመሉ ተጨማሪ መኖ ሆኖ እንዲሰጥ እንዲፈቀድልን። ለሩጫውም ለጤናውም ያስፈልገዋል። ዋናው ግን ስሙ ሲጠራ ወደዚህኛው ዳር የሚመልሰው ሌላ ነገር የለንም።

ለ) በአዲሱ ደብዳቤ ላይ «የሽፈራው ቅጠል» ተብሎ ቅጠልነቱ እንዲጠቀስ፤ «ሽፈራው» ብቻ ተብሎ እንዳይጻፍ። የጋሽ ሽፈራው ስም ይጠራ አይጠራ፣ አቤት ይባልለት አይባልለት የሚወስኑት እትዬ ልክነሽ እንጂ ማኅተም እንዳይሆን። አቶ ልዑልሰገድም በዚህ ተስማምተዋል።

ሐ) ባለሙያው ግመሉን መጥተው ሳያዩ ወደ ሞያሌ እንዳይጫን ለአጎቴ አንድ ቃል እንዲጻፍላቸው። እኔ የምላቸውን እንደ ጨዋታ ነው የሚሰሙት። ባለሙያው ሲመጡ ግን በጠዋት ይሁን። ማምሻ ላይ እንዲመጡ አልመክርም፤ በተለይ አቤት ማለት የለመዱ ሰው ከሆኑ።

ይህን የምጽፈው እትዬ ልክነሽ ደጃፍ ተቀምጬ ነው። ከእሑድ ወዲህ ከአጠገባቸው አልራቅሁም፤ ደመናንም እዚሁ ግቢ፣ ዋንዛው ሥር አስሬዋለሁ። እሳቸው ጥጥ ይፈትላሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ዛሬ ማንም ማንንም አልጠራም። እዚህ መስመር ላይ ስደርስ እንዝርታቸው ቆመ። ቀና ብለው ወደ ሐይቁ አዩና፣ ቀስ ብለው፣ አጠገባቸው ላለ ሰው እንደሚመልሱ ሆነው «አቤት» አሉ።

እኔ ምንም አልሰማሁም። ደመና ግን ተነሥቷል፣ ገመዱም ተወጥሯል። ብዕሬን አስቀምጬ ልይዘው ነው። ክቡር ሆይ፣ ውሳኔዎን ለነገ አያቆዩት።

ከቸኮለ ሰላምታ ጋር፣

የአብስራ ካሱ
(ፊርማ)

ማመልከቻው እውነት ስለመሆኑ ወረቀቱ ባዶ ሳለ የፈረሙ፦
ልዑልሰገድ ዘሚካኤል
(ፊርማ)